የወየበ ብር ለምን ይወደዳል?

በአሜሪካ የአሮጌ ሳንቲም ገበያ ውስጥ ለእኛ ሰው ጆሮ የሚከብድ ነገር አለ። ሁለት የብር ዶላሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዓመተ ምሕረታቸው አንድ ነው፣ የተቀረጹበት ከተማ አንድ ነው፣ ክብደታቸውም አንድ ነው። አንደኛው ገና ትናንት ከመቅረጫው የወጣ ይመስል ነጭ ነው። ሁለተኛው ግን ወይቧል። ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ሐምራዊ፣ መሀሉ ላይ የማር መልክ አለው። ዋጋ ሲጠየቅ የወየበው ከነጩ ብዙ እጥፍ ይጠራበታል። የመስቀሏን ብር ለበዓል በአመድና በሎሚ ስትፈትግ ያደገች ሴት ይህን ብትሰማ “እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?” ማለቷ አይቀርም።

እብደት አይደለም። እብደት ያለበት ክፍል የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ብሩ የት ተኝቶ እንደወየበ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በተለይ ኔቫዳ በሚባለው ግዛት፣ ብር ከመሬት ሆድ ውስጥ እንደ ጉድ ይወጣ ነበር። ብር ሲበዛ ዋጋው ወረደ። የማዕድኑ ባለቤቶች ደግሞ ዋጋ ሲወርድባቸው ዝም ብለው የሚያዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። በ1878 ምክር ቤቱ አንድ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ሄይስ አልፈርምም ቢሉም ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ አሸነፋቸውና ሕጉ ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት የአገሪቱ ግምጃ ቤት በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ወደ ዶላር ሳንቲም እንዲያስቀርጽ ተገደደ። ሳንቲሙን የነደፈው ከእንግሊዝ የመጣ ጆርጅ ሞርጋን የሚባል ቀራጭ ስለነበር እስከ ዛሬ “የሞርጋን ዶላር” ይባላል። ክብደቱ 26.73 ግራም ነው፤ ከመቶው 90 እጅ ብር፣ 10 እጅ መዳብ። ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 እንደገና፣ በድምሩ ከ650 ሚሊዮን በላይ ተቀርጿል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሳንቲም ማን ተጠቀመበት? አብዛኛውን ማንም አልተጠቀመበትም። የምሥራቁ ከተሜ ኪሱን የሚቀድድ ከባድ ብረት ተሸክሞ ከመዞር የወረቀት ገንዘብ ይመርጥ ነበር። መንግሥት ግን ሕግ ነውና መቅረጹን ቀጠለ። የተቀረጸው ሳንቲም አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየተቆጠረ በሸራ ከረጢት ይታሰራል። አንዱ ከረጢት ወደ 27 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ ከረጢቱ በከረጢት ላይ ተጭኖ በግምጃ ቤቱ ምድር ቤት ይቀመጣል። ለአሥር ዓመት፣ ለሃያ ዓመት፣ ለሰባና ለሰማንያ ዓመት።

ዛሬ ሰብሳቢው በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ያ ቀለም የተሠራው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። በከረጢቱ መሀል የነበሩት ሳንቲሞች እርስ በርስ ተጠባብቀው ስለነበር ብዙ አልተነኩም። ከሸራው ጋር ፊት ለፊት የተያያዘው ሳንቲም ግን ጨርቁ ውስጥ ካለው ድኝ፣ ከምድር ቤቱ እርጥበት፣ ከዘመኑ የድንጋይ ከሰል ጭስ ጋር ተጋብቶ ኖረ። አንዳንዱ ሳንቲም ላይ የሸራው ድርና ማግ ሳይቀር ታትሞ ይታያል። ሌላው ደግሞ ግማሽ ፊቱ በጎረቤቱ ሳንቲም ተሸፍኖ ስለነበር የተሸፈነው ነጭ፣ ያልተሸፈነው ባለቀለም ሆኖ መሀላቸው ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ መስመር ወጥቶበታል። መስመሩን ያየ ሰው ያ ሳንቲም ከረጢቱ ውስጥ እንዴት ተጋድሞ እንደነበር ሊነግራችሁ ይችላል።

ሁሉም ግን ለዚህ አልታደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ በሕንድ ላሰራጨችው የወረቀት ገንዘብ መያዣ የሚሆን ብር አጠራት። አሜሪካ በ1918 ሕግ አውጥታ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮችን አቀለጠች፤ አብዛኛው ብር ወደ ሕንድ ተጫነ። የትኛው ዓመት፣ የየትኛው ከተማ ሳንቲም ስንት እንደቀለጠ የመዘገበ ሰው አልነበረም። ከረጢት ወጣ፣ እቶን ውስጥ ገባ፣ አለቀ።

የተረፈው ደግሞ በ1962 መጨረሻ ጉድ አፈላ። አሜሪካውያን ለገና ስጦታ የብር ዶላር መስጠት ይወዱ ስለነበር ባንኮች በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከግምጃ ቤት ከረጢት ይጠይቃሉ። በዚያ ዓመት በፊላደልፊያ አንድ የቆየ ክፍል ተከፈተና ከውስጡ በ1903 በኒው ኦርሊንስ የተቀረጹ ዶላሮች በከረጢት በከረጢት መውጣት ጀመሩ። ያ ሳንቲም እስከዚያ ቀን ድረስ በአገሩ ከጠፉት አንዱ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በዋጋ መዝገብም ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይጠራበት ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዋጋው ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ተንኮታኮተ። ያንን ሳንቲም በቅርቡ ገዝቶ የነበረ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት። ወሬው ሲሰማ ሕዝቡ የወረቀት ገንዘቡን ይዞ ወደ ግምጃ ቤት ጎረፈ፤ በዋሽንግተን ሰው ተሰልፎ ከረጢት ሙሉ ብር ይዞ ይወጣ ነበር። መጋቢት 1964 ላይ መንግሥት “በቃ” ብሎ ልውውጡን ሲያቆም በእጁ የቀረው ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ብቻ ነበር። እሱም በአብዛኛው ካርሰን ሲቲ በምትባለው ትንሽ የኔቫዳ ከተማ የተቀረጸ ነው።

ይህን ቀሪ መንግሥት ከ1972 ጀምሮ በፕላስቲክ ሣጥን እያደረገ በፖስታ ቤት በኩል ለሕዝብ ሸጠው። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሻጮቹ ሳንቲሞቹን ሲለዩ ያላበላሸ ነጩን በአንድ ወገን፣ የተጫረውንና የወየበውን በሌላ ወገን አደረጉ። በነጩ ሣጥን ውስጥ ባለው ካርድ ላይ “በእጅ ያልዞረ” የሚል ቃል ታተመ፤ በወየበው ሣጥን ካርድ ላይ ያ ቃል ሳይጻፍ ቀረ። ለመንግሥት ሠራተኞቹ መወየብ እንደ ጭረት ሁሉ ጉድለት ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው በተለይ ያንን ጉድለት ያለበትን ሣጥን እያሰሰ ይገዛል። ሳንቲሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ። ብር እንደ ብረት አይዝግም። ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ያ ጋዝ። ድኙ ከብሩ ገጽ ጋር ሲገናኝ እጅግ ስስ የሆነ ንጣፍ ይፈጥራል። ንጣፉ ራሱ ሰማያዊም ሐምራዊም አይደለም። ክረምት ላይ መኪና ያንጠባጠበው ዘይት እርጥብ አስፋልት ላይ ቀስተ ደመና ሲሠራ አይታችኋል? ዘይቱ ቀለም የለውም፤ ብርሃኑ ከስሱ ንጣፍ ላይና ታች ሲመለስ እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው ቀለሙን የሚያወጣው። ብሩም እንዲሁ ነው። ንጣፉ በጣም ስስ ሲሆን የማር መልክ ይሰጣል። ጥቂት ሲወፍር ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ይላል። ዝም ከተባለ ግን መጨረሻው ጥቁር ነው፤ ከጥቁር ወዲያ ቀለም የለም። ስለዚህ ያ በውድ የሚሸጥ ቀስተ ደመና በመንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ የተገዛ ሳንቲም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሰል መስሎ ሊገኝ ይችላል።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። የቀድሞዎቹ ሰብሳቢዎች እንደ እኛው ፈታጊዎች ነበሩ። በሶዳ ያሻሉ፣ በአሲድ ይነክራሉ፣ ባስ ሲልም ሳያናይድ በሚባለው መርዝ ያጥባሉ። ሳንፎርድ ሳልተስ የተባለ የታወቀ ሰብሳቢና የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ባለውለታ የነበረ ሰው በ1922 ለንደን ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ የብር ሳንቲሞቹን በሳያናይድ ሲያጥብ አጠገቡ የዝንጅብል ለስላሳ መጠጥ ነበረው። ብርጭቆዎቹ ተሳሳቱበት፤ ለሳንቲም ያዘጋጀውን ጠጣና ሞተ። ለብር ንጣት ሲባል የሰው ነፍስ ጠፋ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሰብሳቢው ማጠብን እየተወ የመጣው ቀስ በቀስ፣ ጉዳቱን በዓይኑ እያየ ነው። አዲስ ሳንቲም ብርሃን ላይ ሲያሽከረክሩት ገጹ ላይ እንደ መንኮራኩር የሚዞር ጮራ አለው። ይህ ጮራ የሚመጣው ሳንቲሙ በማኅተም ሲመታ ብረቱ ወደ ዳር ሲፈስ ከሚተወው በዓይን የማይታይ ስንጥቅጥቅ መስመር ነው። ሰው አሲድ ውስጥ በነከረው ቁጥር የጠቆረው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ከሥሩ ያለው ብርም አብሮ ይሟሟል፣ መስመሮቹም ይበላሉ። አንዴ ሁለቴ ሊችል ይችላል። በኋላ ግን ሳንቲሙ ነጭ ሆኖ ሬሳ ይሆናል፤ ንጣት አለው፣ ጮራ የለውም። በአመድ ወይም በሶዳ ሲፈተግ ደግሞ ሺህ ስስ ጭረቶች ይቀሩበታል። ቀለምን ጊዜ መልሶ ያመጣዋል፤ የተላጠውን ብር ግን የሚመልሰው የለም። የወየበው የተወደደው በመጀመሪያ ስላማረ አልነበረም፣ ያልተነካ ለመሆኑ ምስክር ስለሆነ ነው። ውበቱ በኋላ የመጣ ነው።

ምስክርነት ሲመጣ ደግሞ ዳኛ ይመጣል። ሳንቲምን በቁጥር መዳኘት የተጀመረው በ1949 ነው። ዊልያም ሼልደን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር፣ ያው የሰውን ልጅ በሰውነቱ ቅርጽ ከፋፍሎ ጠባዩን እናገራለሁ ይል የነበረው፣ ለጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። 1 ምን እንደሆነ ለመለየት ያህል ብቻ የተረፈ፣ 70 እንከን የለሽ። ይህ ሼልደን ከሞተ በኋላ ከዚያው ከሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ ምርጥ ምርጦቹን እየወሰደ የራሱን ዝቅተኞች ሲተካ እንደኖረ ታወቀ። ለነገሩ መለኪያውን የሠራው እሱ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል ከሱ በላይ ማን ሊያውቅ?

የሼልደን ቁጥር ከመዳብ ወደ ብርና ወርቅ ተዛመተ። በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ኤንጂሲ የተባሉ ድርጅቶች ተቋቋሙና ሳንቲምን ተቀብለው፣ መርምረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው መመለስ ሥራቸው ሆነ። ከዚያ በኋላ ገዢው የሚገዛው ሳንቲሙን ይሁን ቁጥሩን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በ65ና በ66 መካከል ያለችው አንዲት ቁጥር አንዳንዴ የሰው የወር ደመወዝ ታህላለች። ለመዳብ ሳንቲም ደግሞ ቀለሙ ራሱ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፦ ቀይ፣ ቀይ ቡናማ፣ ቡናማ። ቀዩ ውድ ነው፤ ቡናማው ርካሽ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ብር ሲወይብ ያመሰገነው ገበያ መዳብ ሲወይብ ይቀጣዋል።

እብደቱ ያለው እዚህ ነው። ቀለም ተጻፈ፣ ታሸገ፣ ተሸጠ። ቀለሙ ግን መታሸጉን አልሰማም። ፕላስቲኩ ከጣት አሻራና ከጭረት ያድናል እንጂ አየር አያግድም። ሳንቲሙን ያስቀመጡት እርጥበት ባለበት ምድር ቤት፣ ወይም ድኝ በበዛበት ካርቶን ውስጥ፣ ወይም በላስቲክ ታስሮ ከሆነ ሥራው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። “ቀይ” ተብሎ የተጻፈለት መዳብ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነጩ ብር ዳሩ ላይ ይጠይማል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃልና ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ነገር ይለያያሉ። ባለቤቱ ይዞ ሲሄድ ድርጅቶቹ ያሸጉት የዚያን ቀን የነበረውን እንደሆነ፣ በኋላ በአቀማመጥ የመጣ ለውጥ ዋስትናቸው ውስጥ እንደማይገባ ይነግሩታል። እውነታቸውን ነው። ግን ሰውየው የገዛው የሚቆም ነገር መስሎት ነበር።

ከድርጅቶቹ በፊት ሰብሳቢዎች ይጠቀሙበት የነበረው ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ የባሰ ነው። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ዘይት በጊዜ ብዛት ይወጣል፣ አሲድም ይተነፍሳል። ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ልጋግ ይሆንና ብረቱን ይበላዋል። የወላጆቹን ስብስብ ከሃያ ዓመት በኋላ የከፈተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አረንጓዴ ነው። ይህ መወየብ አይደለም፣ በሽታ ነው። ልዩነቱን አለማወቅ ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ገንዘብ ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋምና ቀስተ ደመና አምራቾችም መጡ። ነጭ ዶላር በርካሽ ይገዛሉ፤ በድኝ ያጥኑታል፣ ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል፣ ባለቀለም አድርገው ይሸጡታል። በሰማንያ ዓመት የሚሆነውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። የሚያጋልጣቸው ያ ቅድም ያልኩት የቀለም ቅደም ተከተል ነው። የዘመን ቀለም ከማር ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ በሥርዓት ይሸጋገራል። የጥድፊያው ግን ደረጃ ይዘላል፣ ፊደሉና ምስሉ ሥር መጠለል ሲገባው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ደረጃ ሰጪዎቹ ከተጠራጠሩ “ቀለሙ አጠያያቂ” ብለው ቁጥር ሳይሰጡት ይመልሱታል። አንዳንዱ ግን ያልፋቸዋል። ዳኛም ሰው ነው።

“ይህ የባዕድ ቅብጠት ምን አገባን?” የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ አገባን። እኛ በየቤታችን ብር አለን። አሜሪካኖቹ በከረጢት እንዳስቀመጡት እኛም በእንስራ ቀብረን፣ በሙዳይ ደብቀን፣ በሴት ልጅ አንገት ላይ አንጠልጥለን ያቆየነው ብር አለ።

ትልቁ ማርትሬዛ ነው፣ ጠገራው። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲቀረጽ የኖረ፣ ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ በሺህ 833 እጁ ብር የሆነ ገንዘብ። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይም ተቀርጿል። ያገራችን ነጋዴ ያለማንም አስተማሪ ደረጃ ሰጪ ነበር። ጠገራውን ተቀብሎ የንግሥቲቱን ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች ይቆጥራል፣ ዘውዷን ያያል። ፍሬዎቹ ከተፋቁ አልቀበልም ይላል። ማሸጊያ ፕላስቲክ ብቻ ነው የጎደለው።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ፤ ፓሪስ ተቀርጾ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ መጣ። በአንድ ወገን የንጉሡ መልክ፣ በሌላው አንበሳው። ክብደቱንም የብሩን መጠንም ከጠገራው ጋር እንዲመሳሰል አድርገው ነበር ያሠሩት። ሕዝቡ ግን የለመደውን አልለቀቀም፤ ጠገራው ገበያውን እንደያዘ ቀረ። የምኒልክ ብር ከጠገራው ጋር ሲወዳደር ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ያላት፣ ከጣልያን መውጣት በኋላ ሐምሌ 1937 ዓ.ም. በታወጀው አዲሱ ገንዘብ የመጣችው የ50 ሳንቲም ሽልንግ ናት። እሷም እውነተኛ ብር ነበረባት።

እነዚህን የበላቸው በመጀመሪያ የአንጥረኛው ምድጃ ነው። ጠገራው ከገበያ ሲወጣ መስቀል፣ አልቦ፣ የጆሮ ጉትቻ ሆነ፤ “የማርትሬዛ ብር ነው” ሲባል እስከ ዛሬ የንጽሕና ማረጋገጫ ነው። በዚህ የምቆጭ አይደለሁም፤ ብሩ ሌላ ሕይወት አገኘ። ከምድጃ ያመለጠው ግን ዛሬ በኦሞ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና እያለቀ ነው።

አንድ ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ሁለት የምኒልክ ብር አየሁ። አንደኛው እንደ መስተዋት ያበራል። የንጉሡ ጢም ፀጉር በፀጉር መሆኑ ቀርቶ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኗል። ሁለተኛው ግራጫ ነው፤ ጉድጓዱ ሁሉ ጥቁር፣ ግን የአንበሳው ጎፈር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዋጋ ጠየቅሁ።

“ጋሼ፣ ይሄ ንጹሑ ነው፤ ትንሽ ከፍ ይላል። ያኛው ቆሻሻ ነው፣ ከፈለጉ እቀንስልዎታለሁ፤ አለዚያም ነገ ቢመጡ አጽድቼ አቆይልዎታለሁ።”

“አታጽዳው!” አልኩት፤ ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም።

ልጁ ክፉ አይደለም። የተማረውን ነው የተናገረው። እናቱ ቤት የሚያበራ ነገር ንጹሕ ነው፤ ገዢውም ቱሪስት ብዙ ጊዜ የሚያበራውን ያነሳል። ነገር ግን ያው ሁለቱ ብር ዋሽንግተን ወይም ለንደን ጨረታ ላይ ቢቀርብ ዋጋው ይገለበጣል። የተፈተገው “ታጥቧል” የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ቁጥር ይከለከላል፤ ግራጫው በዓይን የተመረመረ፣ ፉክክር ያለበት ይሆናል። በመሀል ያለውን ልዩነት የሚበላው የሚያውቀው ነጋዴ ነው እንጂ የአያቱን ሙዳይ ከፍቶ የሸጠው ሰው አይደለም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ከአገር ቤት የተላከላቸውን ብር ለልጃቸው ለማሳየት ብለው ሲያነጡት ይኸው ዕጣ ይደርሳቸዋል። ለፍትሕ ያህል፣ የ1780 ማርትሬዛ አብዛኛው በኋላ ዘመን የተቀረጸ ስለሆነ ቢታጠብም ብዙ አይከስርም፤ ዋጋው ከብሩ ክብደት እምብዛም አይርቅም። የምኒልክ ብር ግን ይከስራል።

ታዲያ ቤቱ ብር ያለው ሰው ምን ያድርግ ቢባል መልሱ ከማድረግ ይልቅ አለማድረግ ይበዛበታል። አይፈተግ፣ አይነከር፣ በላስቲክ አይታሰር። ሱፍ ውስጥ አይጠቅለል፣ ሱፍ በተፈጥሮው ድኝ አለው፤ የነጠላ ቁራጭ ይሻላል። ከማድቤት ጭስ ይራቅ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሲያዝ በዳሩ ይያዝ፣ የጣት ላብ ከዓመት በኋላ አሻራ ሆኖ ይወጣል። ያ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ካለበት ግን ዝም አይባልም፤ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳያሹ ማውጣት ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፣ ብሩን አይነካም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ግን ዘይትና ሽቶ ስለተቀላቀለበት አይሆንም።

የሁሉም አያት የሆነው የአክሱም ገንዘብ ግን ከዚህም የከፋ አደጋ አለበት። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አስቀርጸዋል። በጥንቱ ዓለም ብዙ ያልታየ ሥራም ሠርተዋል፤ በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሀል፣ ስስ ወርቅ ለብጠው ያኖሩ ነበር። ሳንቲሙ ከአክሱም ማሳ ሲወጣ መዳቡ አረንጓዴ ቅርፊት ሆኖ ወርቁን ሸፍኖታል። የሙዚየም ባለሙያ ማጉያ መነጽር ሥር አስቀምጦ፣ በቀጭን መሣሪያ፣ ቅርፊቱን እህል እህል እያከለ ያነሳዋል፤ ለአንድ ሳንቲም ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል። ለቱሪስት ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ደግሞ አሸዋና ሎሚ ይይዛል። ቅርፊቱ በአሥር ደቂቃ ይለቃል፣ ከሥሩ ቀይ መዳብ ይወጣል። ወርቁ ከአሸዋው ጋር ተደፍቷል፣ የደፋውም ሰው ወርቅ እንደነበረበት አላየም።